የእሁድ ጥቅሻ

በዘጠኝ ዓመቴ ፍቅር ይዞኝ ነበር። ያፈቀርኩት በእሁድ ከሰዓት በኋላው የቴሌቪዥን መዝናኛ ላይ ከሚወዛወዙት መሃል ቀጭኑን ረጅሙን ነው። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ያኔ አቃቂ በእኛ መንደር ቴሌቪዥን ያለው ከባድ መኪና የሚነዳው ጎረቤታችን ቤት ብቻ ነበር። ሚስቱ፣ እትዬ የምንላቸው፣ የወሎ ሴት ናቸው፤ ጫማችንን በር ላይ አስወልቀው ምንጣፉ ላይ ይደረድሩናል፣ ካወራን ቴሌቪዥኑን ያጠፉታል። እኔ እንኳ ለወሬ ጊዜ አልነበረኝም። ፊቴን ታጥቤ፣ ቫዝሊን ተለቅልቄ፣ የበዓል ቀሚሴን ለብሼ ከሁሉም ፊት እቀመጣለሁ።

"ይቺ ልጅ ለማየት ነው ወይስ ለመታየት የምትመጣው?" ይላሉ እትዬ።

ለመታየት ነበር። ጭፈራው ሲያልቅ ካሜራው ይጠጋዋል፤ ፊቱ የቴሌቪዥኑን መስኮት ይሞላና ግራ ዓይኑን ይጠቅሳል። እኔን ነው እንጂ ማንን ይጠቅሳል? አጠገቤ ያለችው የእትዬ ልጅ ንፍጧን እንኳ አልጠረገችም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ቤት ስገባ ግን በአባቴ የጺም መላጫ መስታወት ፊት ቆሜ መልሶ መጥቀስ እለማመድ ነበር። አንድ ዓይን ብቻ መጨፈን ለልጅ ቀላል አይደለም፤ አፌም አብሮ ይጣመምብኛል።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ የአባቴ የፋብሪካ አለቃ ልጁን ዳረ። ለሠርጉ የተጠራው የሙዚቃ ባንድ ከነተወዛዋዦቹ መጣ ሲባል ከድንኳኑ ሮጬ ወጣሁ። ከሚኒባሱ የወረደው እሱ ነው። የእትዬ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ስለነበር ቀይ ሰው መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

መወዛወዝ ሲጀምር ወንዶቹ እየተነሱ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፉለት ጀመር። እኔም እናቴን ነዝንዤ አንድ ብር ተቀበልኩና፣ እንደ ትልልቆቹ በምራቄ አርጥቤ መሃል ገባሁ። እንደማልደርስበት ሲያይ ተንበረከከልኝ። ለጠፍኩለት። ፊቱ ከፊቴ ጋር እኩል ሆነ፤ ጠቀሰኝ።

ይህን ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። ያለ የሌለ ችሎታዬን አወጣሁ። አፌን እያጣመምኩ መልሼ ጠቀስኩት፤ እንዳያመልጠውም ደጋገምኩት።

ከኋላዬ ሳቅ ተሰማ። የእሱ ፈገግታ ጠፋ። ዓይኑ ግን አላቆመም፤ ጉንጩን እየሳበ ይርገበገባል፣ ማንንም ሳያይ፣ መሬቱን እያየ። በመዳፉ ሸፈነው።

"አንቺም ታሾፊብኛለሽ?" አለኝ በቀስታ። "ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው እኮ።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ ክንዴን ይዛ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደችኝ። "በሰው አካል መሳቅ ማን አስተማረሽ?" እያለች ጭኔን ቆነጠጠችኝ። መልስ ነበረኝ። እወደዋለሁ፣ የሚጠቅሰኝ መስሎኝ ነው ብል ያበቃ ነበር። ይህን ከምናገር ግን ባለጌ መባል ቀለለኝ። እሱም የሄደው ባለጌ መሆኔን እንዳመነ ነው።

የሚቀጥለው እሁድ አልሄድም ብዬ ዝቼ ነበር። አላስቻለኝም። ፊቴን ሳልታጠብ፣ በቤት ልብሴ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሱ ከዚያ በፊት አድርጎት የማያውቀውን ጥቁር መነጽር አድርጎ በቴሌቪዥኑ ወጣ። ካሜራው ሲጠጋው መነጽሩ ብቻ መስኮቱን ሞላው።

"ዛሬስ እንዴት ዘንጧል እባካችሁ" አሉ እትዬ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። አብሬ አጨበጨብኩ፤ ባላጨበጭብ መነጽሩን ለምን እንዳደረገው የሚያውቁብኝ መሰለኝ።