የእናቴ እጥፋት

የስፌት መኪና ዘይት በሸተተኝ ቁጥር እሪ በከንቱ የነበረችው ቤታችን ትመጣብኛለች። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት እናቴ በእግር በሚዘወር መኪና ላይ ተቀምጣ፣ በሁለት አቡጀዴ መሐል ባዘቶ ጥጥ አንጥፋ፣ ለውቤ በረሃ ቡና ቤቶች የአልጋ ልብስ ትሰፋ ነበር። ከዳር ጀምራ ጨርቁን በመዳፏ እየገፋች ስለምትሰፋ፣ የታችኛው እየቀደመ የላይኛው እየቀረ ይሸበሸብና ትርፉ ጫፍ ላይ ይከመር ነበር። ያን ጊዜ ትርፉን አጥፋ ቀይ እራፊ ትለጥፍበታለች። በራሳችን የአልጋ ልብስ ላይ በነበረችው እጥፋት ውስጥ እኔ ጣቶቼን ከትቼ እተኛ ነበር፤ ትሞቅ ነበር።

አንድ ክረምት ወይዘሮ ዘርፌ የተባለች የቡና ቤት ባለቤት የተሰፋላትን ይዛ ተመለሰች።

«እቴ ብርቄ፣ እንጦጦን ጠቅልለሽ ነው እንዴ የላክሽልኝ? እንግዶቼ ዳገት ላይ አደርን እያሉኝ ነው።»

እናቴ ሳቀች፤ ቀና ብላ ግን አላየቻትም።

እኔ ስፌትን ማንም አላስተማረኝም፤ በዓይኔ ብቻ የተማርኩ ሰው ነኝ። ዝናቡ ከቤት ሲያውለኝ ከቁርጥራጭ ጋር ስታገል ከርሜ መላውን አገኘሁት፤ ሦስቱን ድርብ አስቀድሞ በረጅም ክር ማያያዝ፣ ጎንና ጎኑን ጠቅልሎ ክብደቱን ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፣ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር መስፋት፣ አለመጎተት፣ አለመግፋት። ጨርቁን የሚጫነውን ብረትም ላላ አደረግሁት።

መስከረም ሲጠባ የሰፋሁት እንደ ገበታ ልሙጥ ሆኖ ወጣ። ወይዘሮ ዘርፌ መዳፏን አሳልፋበት «ከእንግዲህ ልጅሽ ይስፋልኝ፣ አንቺ እረፊ» ስትል ደረቴን ነፋሁ። እናቴ «እውነት ነው፣ ይበልጠኛል» ብላ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። ከዚያ ወዲያ አልተቀመጠችበትም፤ ሥራዋ ለእኔ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ብቻ ሆነ።

በበጋው፣ አንድም የተሸበሸበ እንዳይቀር ብዬ የራሳችንንም የአልጋ ልብስ እንደገና ልሰፋው መፍታት ጀመርኩ። እጥፋቷ ላይ ስደርስ እናቴ «እሷንስ ተዋት፣ ልጄ» አለችኝ።

«ታሳፍራለች እኮ፣ እማዬ።»

ተርትሬ የጣልኩትን ቀይ እራፊ ከመሬት አነሣችና በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው።

ዛሬም ቢሆን በአራዳ እንደ እኔ ልሙጥ አድርጎ የሚሰፋ የለም፤ አለሁ የሚል ይምጣ። ያኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ስዘረጋ የእናቴን እጥፋት አገኛት ነበር። አሁንም ጋደም ስል በዚያው የአልጋ ልብስ ላይ እጄን እሰዳለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር እጄን የሚይዘው ነገር የለም።