የአራተኛ ክፍል ግድግዳ

ማንጠግቦሽ በመምህርነት ደሃና ወረዳ ገጠር ስትመደብ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ዘመኑ 1995 ዓ.ም. ነው። ተወልዳ ያደገችው ሰቆጣ ከተማ ስለነበር፣ ከመኪና ወርዳ አራት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ትምህርት ቤቱን ስታየው መንገድ ዳር ቁጭ አለች።

የአራተኛ ክፍል አማርኛ ሰጧት። ልጆቹ ሃምሳ ስምንት ናቸው፤ መጽሐፉ ለሦስት አንድ። ቤታቸው የሚያወሩት የዋግ አገዎችን ቋንቋ ኽምጥኛን ነው፤ አማርኛ ለአብዛኞቹ የገበያና የትምህርት ቤት ቋንቋ ነበር። «ማን ያነብልናል?» ስትል ሁሉም አንገቱን ይደፋል። አንዱ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታና መልሶ ያስራል፤ ሌላው «ቲቸር፣ ውጪ ልውጣ» ይላል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ስለ ባቡር የሚናገረውን ምንባብ ሳይደናቀፍ አወረደው። ደስ ብሏት ጠጋ ስትል፣ መጽሐፉ የተገለጠው የማረሻና የሞፈር ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ ነው። ልጁ ሌላው ሲያነብ ሰምቶ የሸመደደውን ነበር የሚያወርደው። አልተቆጣችውም፤ ግን ቤቷ ገብታ አለቀሰች። «ባቡርን በዓይኑ ያላየ ልጅ ምንባቡን ምን ብሎ ይውደደው?» አለች ለራሷ።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የጋሽ ደግሰው አህያ ጨው እንደተጫነች ከገበያ ብቻዋን መጣች። መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ማንጠግቦሽ ከጤና ኬላው ግንባታ አንድ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ለምና አመጣች፤ አራግፋ ዘረጋችውና በማርከር ጻፈችበት። «የጋሽ ደግሰው አህያ ከገበያ መጣች። ጨዉን አመጣች። ጋሽ ደግሰውን ግን ረሳች።» በሊጥ ግድግዳው ላይ ለጥፋው ወጣች።

ስትመለስ ልጆቹ ተጋፍተው ቆመዋል። አንዷ ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች «ደ... ግ... ሰው!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

«ቆይ! ቀጥሎ ምን ይላል?» እየተባባሉ ተሻሙት። ጋሽ ደግሰው ራሳቸው ሳይቀሩ ገብተው አስነበቡ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ በመጣ ቁጥር አዲስ ወረቀት ይለጠፍ ጀመር። ማን አገባ፣ የማን ላም ወለደች፣ በረዶ የማንን ገብስ መታ። ወሬውን ልጆቹ ያመጣሉ፣ እሷ ትጽፋለች፤ እያደር ግን ማርከሩን ከእጇ ይነጥቋት ያዙ።

አንዲት ልጅ ብቻ ወደ ግድግዳው አትቀርብም። ፅዮን ትባላለች፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት ወደ ቆላው መንገድ ታያለች። አንድ ከሰዓት ሁሉም ሲወጡ እሷ ቀረት አለች።

«ቲቸር፣ እዚህ የሌለ ሰው ይጻፋል?»

«ይጻፋል። ማንን?»

«ወንድሜን፣ ተስፋውን።»

ተስፋው ከሁለት ዓመት በፊት ከአባቱ ጋር ተጣልቶ፣ ምርቃታቸውን ሳይቀበል ሰሊጥ ሊያርም ሁመራ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። አባቱ አቶ ምንዋጋው ስሙ በቤታቸው እንዳይነሳ ከልክለው ነበር። ማንጠግቦሽ ማርከሩን ለልጅቷ ሰጠቻት። ፅዮን ፊደል እየጠየቀች፣ እየሰረዘች ጻፈች። «ተስፋው ወንድሜ ነው። እያፏጨ ያርሳል። ሲያፏጭ በሬዎቹ ይቆማሉ። አሁን ሁመራ ነው።» ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆማ አነበበችው። ድምፅዋን ከዚያ በፊት በወጉ የሰማ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን አቶ ምንዋጋው በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«መምህርት፣ ልጄን ግድግዳ ላይ ለጥፈሽዋል አሉ።»

ማንጠግቦሽ ወደ ወረቀቱ ተጠጋች። «ካስከፋዎት አነሳዋለሁ፣ አባቴ።»

«ከማንሳትሽ በፊት ታንብበው።»

ፅዮን ተነስታ አነበበች። አባትየው መሬት መሬት እያዩ አዳመጡ። በሬዎቹ ላይ ስትደርስ ቀና አሉ።

«ይሄ ውሸት ነው! አይቆሙም። እሱ ሲያፏጭ ነው በሬዎቹ የሚሄዱት። ለእኔማ መች ይሄዱልኛል!» በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራርገው፣ «አስተካክይው» አሏት። አስተካከለችው። ወረቀቱን አላስነሱም።

መስከረም ላይ ሠራተኞች ለአጨዳ ወደ ሁመራ ሲወርዱ ፅዮን የመጀመሪያ ደብዳቤዋን ጻፈች። ቃሉ የአባቷ ነው። «በሬዎቹ ደህና ናቸው። እኔም ከልቤ መርቄሃለሁ፤ ና።» መልስ አልመጣም። በዓመቱ ሌላ ላኩ። ያም እንደወጣ ቀረ።

በ1999 ዓ.ም. የማንጠግቦሽ እናት ታመሙና እሳቸውን ልታስታምም ሰቆጣ ተዛወረች። ትምህርት ቢሮ አስገቧት፤ ሪፖርት ትሞላለች። «ማንበብ የሚችሉ ተማሪዎች ብዛት» የሚለው ሣጥን ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን ይዛ ትቀራለች፤ የልጆቹ ግፊያና ጫጫታ ጆሮዋ ላይ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያው አጠገብ ቆማ፣ ከደሃና ከሚመጣው ሰው መሀል የምታውቀውን ፊት ትፈልጋለች።

በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ አቶ ምንዋጋውን እዚያው አገኘቻቸው። አርጅተዋል። ትከሻዋን ስመው አልለቅም አሉ።

«ልጅሽ ፅዮን አምደወርቅ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። እሁድ ስትመጣ የአገሩን ደብዳቤ የምታነበው እሷ ናት፤ ከቤሩት፣ ከጅዳ የሚመጣውን። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ይጠብቃታል።»

«ተስፋውስ?»

ሽማግሌው ወደ መንገዱ አዩ። «አልመጣም። መተማ አየሁት ያለ አለ። እሷም መጻፉን አልተወች፣ እኔም ቃሉን መንገር አልተውሁ።»

ሰኞ ጠዋት ማንጠግቦሽ ወደ ደሃና መልሱኝ የሚል ማመልከቻ አስገባች። እናቷ ተሽሏቸው ነበር። አለቃዋ አንብቦ ሳቀ።

«ሰው ሁሉ ከገጠር ልውጣ ሲል አንቺ ልግባ ትያለሽ?»

«አዎ፣ ልግባ» አለችው።

ሦስት ወር ጠብቃ ቦታው ተይዟል ተባለች። በዓመቱ ደግማ አመለከተች።