ጣና ዳር አራት ሳሙና

የሳሙና ፋብሪካው ሽማግሌ ዛሬም ከሥራ መልስ ጣና ዳር ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብለዋል። አራት ሳሙና ይዘዋል፤ ሁለቱ ከኑግ ዘይት፣ ሁለቱ ከሞራ። ከየጥንዱ አንደኛው ሶዳ የበዛበት፣ ሌላው ያነሰበት ነው። በእያንዳንዱ አንድ አንድ ቁራጭ ጨርቅ እኩል ያሻሉ፤ በየመሀሉ ወገባቸውን ይዘው ይተነፍሳሉ። ጣታቸው በሶዳ ተልጧል።

«ጨርቁ ካንድ ሸሚዝ ካልተቀደደ፣ ልዩነቱ የሳሙናው ይሁን የጨርቁ አይታወቅም» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«የማን ሸሚዝ ነበር?»

«የልጄ። ሲዘምት ያወለቀው ነው።»

ቁራጮቹን አስጥተው ሲነሡ የሸሚዙ አንገትጌ ከኪሳቸው ወደቀ፤ እንዳደፈ ነው።

«ይኼስ አይታጠብም?» አልኋቸው።

ቶሎ አንሥተው መልሰው ከተቱት።

«እሱንስ ሳሙና አይንካብኝ።»