የስፌት መኪናው ሲቆም

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ወልቂጤ ከተከራየኋት ክፍል አጠገብ አንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ከፈተ። ሰፊው ገና ጎረምሳ ነው፤ መኪናው ግን የድሮ፣ በእግር የሚረገጥ። የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግጄ ጋደም ባልኩበት ያ ትርትርታ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣብኝ፣ ወላሂ፣ ብድግ ብዬ «አቤት አባ!» ልል ምንም አልቀረኝ።

አባቴም ቡታጅራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ስለነበር በእሱና በእኛ መሀል ያለው አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር። ዒድ ደረሰ ብሎ ሰዉ ሁሉ ጨርቁን ታቅፎ ሲጎርፍበት፣ ቁጭ ብሎ ቁርኣን የሚያቀራኝ፣ ንባቤን የሚያርምልኝ ጊዜ ስለሚያጣ ዘዴ ፈጠረ፤ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌ እቀራለሁ፣ እሱ ከወዲያ እየሰፋ ይሰማኛል። ከተሳሳትኩ መኪናው ቀጥ ይላል። ቁጣ የለ፣ ተግሣጽ የለ፣ ዝም። ተመልሼ ፊደሏን እስካገኛት ድረስ የማንም ሱሪ አይሰፋም።

ጣጣዬ በዐረብኛ ከጉሮሮ የምትወጣዋ ሐ ነበረች። የአማርኛ አስተማሪያችን፣ ከጎጃም የመጡ ደግ ሰው፣ ሀን፣ ሐንና ኀን ሰሌዳው ላይ ደርድረው «መልካቸው እንጂ ድምፃቸው አንድ ነው» ብለው ገላግለውን ነበር። ይህን የምሥራች ይዤ ቤት ገባሁና «አር-ረሕማን»ን እንደ ልቤ ሳለሰልሰው መኪናው ቆመ። ብመልሰው ቆመ፤ ብደግመው ቆመ። ሱሪውን የሚጠብቅ አንድ ከቆሼ ከተማ የመጣ በርበሬ ነጋዴ ትዕግሥቱ አልቆ «ኧረ በአላህ ልጄ፣ ከጉሮሮሽ አውጪያትና ልሂድበት!» ሲል፣ አባቴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በመጋረጃው ብቅ አለ። «ሙኒ፣ እጅሽን ሲበርድሽ ሃ ብለሽ የምታሞቂባት ትንፋሽ እኮ ናት» አለኝ። ወጣችልኝ። መኪናው ትርትር ማለት ሲጀምር የተሰማኝን ደስታ የዒድ ቀሚሴ እንኳን አልሰጠኝም።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ግን ቁርኣኔ እንደተጠቀለለ ቁምሳጥን ላይ ኖረ። ሰበብ መች ጠፋ፤ ዝውውሩ፣ የቢሮው ሥራ፣ የዓይኔ መድከም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ፈርቼ ነው። ተሳስቼ፣ ማንም ሳያቆመኝ፣ እንደተሳሳትኩ መሄዱን ፈራሁ። ስልኬ ላይ የሚቀሩት ቃሪኦች ድምፃቸው ማር ነው፤ ግን ያሰሙኛል እንጂ አይሰሙኝም። ሳምቡሳ የምትሸጥልኝ ሴትዮም «ለቤተሰብ ነው?» ባለችኝ ቁጥር «አዎ» እያልኩ፣ ብቻዬን አፍጥሬ የተረፈውን ለሌሊቱ ሱሁር አሞቀዋለሁ።

የጎረቤቴ መኪና ግን ጎተጎተኝ። አንድ ቀን ተጣጥቤ ዉዱእ አድርጌ፣ ቁርኣኑን አውርጄ፣ ግድግዳውን ተጠግቼ ጀመርኩ። ምላሴ ተሳስሮ ነበር፤ ቢሆንም ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ድንገት መኪናው ቀጥ አለ። ተመልሼ ያቺን ሐ ከጉሮሮዬ በደንብ አወጣኋት፤ አሁንም ዝም። እንደገና ልመልስ ስል ልጁ ከወዲያ «ሃሎ? ኧረ ነገ ውሰዱት፣ ክር አልቆብኝ ነው!» ሲል ሰማሁ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከዐስር በኋላ እቀራለሁ፤ ኢንሻአላህ ዒድ ሳይደርስ ዳር አድርሼ አኸትመዋለሁ። አላህ እንደሚሰማኝ አውቃለሁ፣ አልጠራጠርም፤ የናፈቀኝ የሚያቆመኝ ሰው ነው። ትናንት ጾሙ አድክሞኝ ሐን አለሰለስኳት። ወዲያው ገባኝና ጆሮዬን ወደ ግድግዳው ጣል አደረግሁ። መኪናው አልቆመም፤ ይሰፋል። መዳፌን ወደ አፌ አስጠግቼ ሃ ብዬ ተነፈስኩባት፤ ከዚያ ራሴው ተመልሼ አቃናኋት።