ደመናን የሚጥለው ፕሮግራሜ

አባቴ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ሸራ ይሸጥ ነበር። ለድንኳን፣ ለጭነት መኪና፣ ለሚያፈስ ጣሪያ የሚሆን ወፍራም ሸራ። ሰማያዊም አረንጓዴም ነበረው፤ የሚኮራው ግን በነጩ ነው። ደንበኛ ሲመጣ እንደ ሌሎቹ ነጋዴዎች ጫፉን ብቻ አሳይቶ ዋጋ አይጠራም። ተሸካሚ ጠርቶ ጥቅሉን ወደ ደጅ ያስወጣና ፀሐይ ላይ ሙሉውን ያስዘረጋዋል። «ሊያይ ለመጣ ሰው ዕቃ ተጠቅልሎ አይቀርብም» ይላል። መንገዱ ይዘጋል፣ ባለጋሪው ይሳደባል፣ እሱ ምን ግዱ! በዚህ አመሉ ስንቴ ተናድጃለሁ።

የኔ ሥራ ደግሞ የሚዘረጋ አልነበረም። ፕሮግራም ነው የምጽፈው። ጎረቤቶቹ «ልጅህ ምን ትሠራለች?» ሲሉት «ኮምፒውተር» ይልና ወሬ ይቀይራል። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ላፕቶፔ ላይ ተደፍቼ ሲያየኝ «ቆይ እስቲ፣ ያንቺ ዕቃ የቱ ነው?» አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው፤ እኔን ግን አንጀቴን በላኝ። ያኔ ልቡን ታሞ ነበር። ሐኪሙ እኔንና እናቴን ለይቶ ጠርቶ ብዙ እንደማይቆይ ነግሮናል። ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ፣ የሠራሁትን በዓይኑ እንዲያይልኝ ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ግብዣውን ያየሁት እንዲህ ሳለን ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ ተቋም ለሙከራ ብቻ የተሠራች ትንሽ ሳተላይት አምጥቋል። ሳተላይት ውድ ስለሆነ ያልተፈተነ ሶፍትዌር ሊጭንበት የሚደፍር የለም፤ ቢበላሽ ማን ወጥቶ ያስነሳዋል? እነዚህ ግን መጠባበቂያ ኮምፒውተር ገጥመውላት፣ «ከውጭ ያላችሁ ፕሮግራመሮች፣ የጻፋችሁትን አምጡና ሞክሩባት፤ ብታቆሟትም እኛ እናስነሳታለን» ብለው በሯን ከፈቱ። ያውም በነፃ። ወይ ጉድ! መርካቶ ቁጭ ብዬ ሰማይ ላይ ያለን ነገር ላዝዝ ነው። ለአባቴ ስነግረው ሳቀ። «እንግዲህ እንደ ቅቤ ነጋዴ ቅመሱ ነው የሚሏችሁ» አለ።

የኔ ፕሮግራም ሥራው ቀላል ነበር። ሳተላይቷ ፎቶ ታነሳለች፤ ያነሳችውን ሁሉ ወደ ምድር ለመላክ ግን ጊዜውም አቅሙም የላትም። ከፎቶዎቹም ብዙዎቹ ደመና ብቻ ናቸው። ፕሮግራሜ እዚያው ሰማይ ላይ ሆኖ ያያል፤ መሬት ከታየው ይልካል፣ ደመና ከሆነ ይጥላል። የሚፈርደው በነጭነቱ ነው። ከግማሽ በላይ ነጭ ከሆነ ደመና ነው፣ አለቀ። ለሙከራው ቦታ ምረጪ ሲሉኝ ዓይኔን አላሸሁም። የአባቴ ሱቅ ያለበትን ተራ መረጥኩ፤ ከፎቶው ሁሉ ያችን ቁራጭ ብቻ እንዲያይ አደረግሁት።

«ሱቁ ይታያል?» አለኝ አባቴ።

«የምን ሱቅ፣ አባዬ! ከዚያ ላይ ሰው አይታይ፣ በር አይታይ። ጣሪያው ሁሉ ተደባልቆ ትንሽ ዝገት ነው የሚመስለው።»

«ትልቅ ነገር ቢሆንስ?»

«ትልቅማ ከሆነ ይታያል» አልኩና ወደ ሥራዬ ዞርኩ። አገጩን አሻሸ። ሳተላይቷ የምታልፍበትን ቀንና ሰዓት ግን ደጋግሞ ጠየቀኝ። ጓጉቶ ነው ብዬ ነገርኩት።

ቀኑ ሲደርስ መርካቶ መብራት ስላልነበረ አብነት ሰፈር ካለው ቤታችን ሆኜ ጠበቅሁ። ረፋዱ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ የደመና ዘር የለም። ደስታዬ ወሰን አጣ። ከሰዓት በኋላ መልእክት መጣ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ፕሮግራምሽ ሳይሰናከል ሠርቷል ይላል። ፎቶው ተነስቷል፣ ፕሮግራሙም አይቶ ፈርዷል። ደመና ነው ብሎ ጥሎታል።

ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጣለው ማለት ጣለው ነው፤ ተፈልጎ የሚገኝበት ቦታ የለም። እንደገና ይፈቀድልኝ ብዬ ጻፍኩ። ከኋላሽ ወረፋ የሚጠብቁ አሉ ብለው በትህትና መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ግን ረገምኳቸው።

አመሻሽ ላይ ሱቅ ሄድኩ። አባቴ የበዓል ኮቱን ለብሶ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቱን ፀሐይ መቶታል፣ ትንፋሹም ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ዓይኑ ግን ይስቃል።

«እህሳ! ታየን?» አለኝ ገና ከሩቅ።

«ደመና ነበር፣ አባዬ።»

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ሰማዩ አሁንም ባዶ ነው።

«ደመና?»

«ከታች ለኛ የማይታየን ስስ ደመና ይኖራል። ፕሮግራሙ አይቶታል።»

አንድ ነገር ሊነግረኝ ነበር፤ ተወው። «መቼም ከላይ ያለው ነው የሚያውቀው» አለና እጄን ያዘኝ። «አይዞሽ። ያንቺ ዕቃ ሠርቷል አይደል? ዋናው እሱ ነው።» ከዚያ ወዲህ የፎቶውን ነገር አንስቶ አያውቅም።

ክረምቱ ሳይገባ አረፈ።

የልቅሶው ድንኳን የተተከለው በራሱ ሸራ ነው፣ በነጩ። የተራው ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው እነሱው ወጠሩት። በሠልስቱ ጎረቤቱ፣ የጆንያ ነጋዴው፣ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከአባቴ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተው ያረጁ ሽማግሌ ናቸው።

«አባትሽ እኮ አንድ ነገር ደብቆሻል፣ ልጄ» አሉኝ። «ያቺ የሰማይ ካሜራ በምታልፍበት ቀን በጠዋት ተሸካሚ ጠርቶ ነጭ ሸራውን አንድ ሳያስቀር ጣሪያ ላይ አስወጣው። የሱ አልበቃ ሲለው ተራውን ሁሉ ለመነ። እኛም ያለንን አወጣን። የተራውን ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር አለበስነው፣ ወላሂ! በዚያ ልቡ መሰላል ወጥቶ እጥፋቱን በእጁ እየዘረጋ፣ ‹ሊያይ ለመጣ ተጠቅልሎ አይቀርብም› ይለናል። ለሷ እንዳትነግሩ፣ ፎቶው ላይ ታግኘው ብሎ አስማለን።»

ቀና አልኩ። ሸራው ፀሐይ አርፎበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነው። ሌላ ምንም አይታይም። ያን ቀን ደመና አልነበረም። ፕሮግራሜ ደመና ብሎ የጣለው አባቴን ነው። ጣሪያው ላይ ቆሞ ሰማዩ ጥርት ማለቱን በዓይኑ አይቶ፣ ከራሱ ዓይን ይልቅ የኔን ዕቃ አመነ። አይ አባዬ! ምነው አንድ ቃል ብትተነፍስ! ያኔውኑ ይገባኝና አንገትህ ላይ ተጠምጥሜ እነግርህ ነበር።

ሽማግሌው ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ደመና ከለከለን ብሎ ነግሮን ነበር። እኔ ግን ሁሌ ይከነክነኛል። ያ ሁሉ ነጭ ጨርሶ አልታየም?»

«ታይቷል፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ከሁሉ በፊት የታየው እሱ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እሱ ግን ሳይሰማ ሄደ።»