በሰንበት የተዘቀዘቀ ነጠላ

ባለፈው ዓርብ ማታ ልጄ ከሥራ ስትገባ በር ላይ ሳያት የያዝኩት ጭልፋ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሻንጣዬ ውስጥ፣ አሪቲ ጎዝጉዤ ያስቀመጥኩትን ነጠላ ሳትጠይቀኝ አውጥታ ለብሳዋለች፤ እሱስ ይሁን፣ ግን አዘቅዝቃዋለች። ጥለቱ አንገቷ ላይ ወጥቶ ቁርጥ ከቀብር የተመለሰች ሐዘንተኛ መስላለች። «ማን ሞተ?» አልኳት። «ኧረ እማ፣ ማንም አልሞተም! ቢሮ የባህል ልብስ ቀን ነበር» ብላ ሳቀችብኝ። አቅፋ ስትስመኝ ያ የአሪቲ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፣ ወጡን ምድጃ ላይ እንደጣድኩት ረስቼ በልጅነቴ እሑድ ውስጥ ገባሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ምሥራቅ፣ ከተማው አልቆ የጤፍ ማሳ በሚጀምርበት ዳርቻ ነበር፤ አውሮፕላን ሲያርፍ የኛ ቆርቆሮና የጎረቤት ዶሮ እኩል ይጮሁ ነበር። እሑድ በሰፈራችን የሚገባው ቅዳሜ ማታ ነው። ሙቀጫው ይደፋል፣ የነገው እንጨት ተፈልጦ ይከመራል፣ ቀሚሶቻችን በከሰል ካውያ ተተኩሰው ገመድ ላይ ይሰቀላሉ። ጠዋት ያ ሌላ ቀን የሚተራመስ ሰፈር ጸጥ ይልና ከወንዙ ማዶ ካለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ዜማ በማሳው ላይ እየተንሳፈፈ ደጃችን ድረስ ይመጣል።

የሰንበት ዳኛችን ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ከአዲግራት መጥተው እዚያ ዳርቻ ላይ የከተሙ ረጅም ሴት ናቸው፤ ሲቆጡ ትግርኛው አማርኛቸው ውስጥ ዘው ይላል። ሰኞ ለሰላምታ እንኳ ፊታቸው የማይፈታው ሴትዮ እሑድ ሲሆን እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። «እሑድ ሞት የተሸነፈበት ቀን ነው። አይጾምም፣ አይሰገድም፣ ፊትም አይጠቆርም» ይሉናል። እኛን የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ላይ ያሰልፉና የነጠላችንን የቀኝ ጫፍ በግራ ትከሻ፣ የግራውን በቀኝ ትከሻ እየጣሉ ደረታችን ላይ መስቀል ይሠሩልናል። ከተንሻፈፈ ፈትተው እንደገና ነው። መስቀሉን አንገታችሁ ላይ ብቻ አትንጠልጥሉት፣ ልበሱት እንጂ ይሉ ነበር። ለምን እንደሆነ ባይገባኝም መስቀለኛ ሲያጣፉልኝ ቁመቴ የጨመረ ይመስለኝ ነበር።

ታናሽ እህቴ ሰብለ በተወለደች ዓመት፣ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣበት ሰማንያ ቀኗ እሑድ ላይ ዋለ። የክርስትና እናቷ እትዬ ጽጌ ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ለዚህ ቀን ከእናቴ እኩል ያማጡ ይመስል ነበር። ለዚያው እሑድ ጠዋት ግን ቀበሌው የቦይ ቁፋሮ ዘመቻ ጠራ። ከሕመምና ከለቅሶ በቀር ምክንያት የለም፤ የቀረ ሰው በስብሰባ ላይ ስሙ ይነሣል። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረና ስሙ ከሚነሣ ጥርሱ ቢነቀል የሚመርጥ፣ ሲያስነጥሰው እንኳ ዙሪያውን የሚቃኝ ሰው ነው። «ክርስትናው ለሚመጣው እሑድ ይተላለፍ» ብሎ ቆረጠ። እናቴ አለቀሰች። ሰብለ ከተወለደች ጀምሮ ደረቷ ሲር ሲር ይል ነበር፤ ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆንስ የሚለው ፍርሃት እናቴን እንቅልፍ ነስቷታል። አባቴም ፈርቶ ነበር፤ ግን ቀበሌውን አብልጦ ፈራና ጎሕ ሳይቀድ አካፋውን ተሸክሞ ወጣ።

እሱ ገና ከግቢው እንደወጣ እትዬ ጽጌ ገቡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው አዘቀዘቁት።

«በሰንበት?» አለች እናቴ፣ ዓይኗ ፈጦ።

«በሰንበት» አሉ። «ለለቅሶ ይፈቀዳል ብለው የለ።»

እናቴም አዘቀዘቀች። እኔ በአሥር ዓመቴ ለቅሶ የሌለው ሐዘንተኛ ሆኜ በመሀላቸው ሄድኩ።

መንገዱ ላይ ከዘመቻው የሚቀር እንዳያልፍ ገመድ ተዘርግቷል፤ ገመዱን የያዘው የአብዮት ጥበቃው ታደሰ ነው፤ ካኪ የለበሰ፣ ጠመንጃ ያነገተ፣ ለማንም የማይመለስ የሚባል ጎረምሳ። ከሩቅ ሲያየን ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ወዲያው ነጠላውን አየ። አፉን ገጠመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። «እትዬ ጽጌ፣ ማን ሞተብዎ?» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። እትዬ ጽጌ በጋቢ የተጠቀለለችውን ሰብለን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ዝም አሉ። በሰንበት አይዋሹም። ግን ዓይናቸው እንባ ሞላና በጉንጫቸው ወረደ፤ እሑድ ቀን ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሞት በተሸነፈበት ቀን የሞት ምልክት መልበሳቸው አንገብግቧቸው እንደነበር የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ታደሰ ተጨማሪ ነገር አልጠየቀም፤ ገመዱን መሬት ላይ ለቀቀው።

ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ስንደርስ ነጠላቸውን እሾህ እንደያዘው ሁሉ ደጋግመው አራገፉትና መስቀለኛ አጣፉት። ከዚያ ነበር ማየት! ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው በሰብለ ፈንታ ሰይጣንን ሲክዱ ድምፃቸው ግቢውን አናወጠው፤ እኔ ሰይጣን ብሆን የዚያኑ ዕለት ሰፈር እቀይር ነበር። ሰብለ ከውኃው ወጥታ አገር ምድሩን በጩኸት አቀለጠችው። ቄሱ ማተቧን ሲያስሩላት፣ ከማተቡ ላይ ጥፍር የምታክል የእንጨት መስቀል ስትንጠለጠል፣ እናቴ ያመቀችውን ትንፋሽ ሁሉ በአንዴ ለቀቀችው።

ቤት ተመልሰን ዳቦው ሊቆረስ ሲል ከደጅ የአባቴ ጩኸት ተሰማ። ለካ ታደሰ ቦዩ ጋ ወርዶ አባቴን ትከሻውን ይዞ «ጓድ፣ ያጽናህ፤ ሴቶቹ አዘቅዝቀው ሕፃኗን ይዘው ሲያልፉ አይቻለሁ» ብሎታል። አባቴ አካፋውን እንደያዘ ያን ሁሉ ሜዳ ሮጦ፣ ግማሽ አካሉ ጭቃ ሆኖ፣ «ሳትጠመቅ! እኔ ነኝ ያስቀረኋት! እኔ ነኝ!» እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ። እትዬ ጽጌ ተነሡና ሰብለን እጁ ላይ አስቀመጡለት። ጭቃ በሆነ ጣቱ ማተቧን ነካ፣ መስቀሏን ነካ፣ ትንፋሿን ሊሰማ ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጠፈ። ከዚያ እየሳቀ አለቀሰ። እንደዚያ የሆነ አባት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ የዛን ዕለት የወደድኩትን ያህል ወድጄውም አላውቅ።

ቀና ስንል ታደሰ በሩ ላይ ቆሟል። ለቅሶ ሊደርስ ተከትሎት መጥቶ ነው። አባቴ ዙሪያውን አልቃኘም፤ ሰብለን ይበልጥ አቀፋት እንጂ።

«ልጄ፣ የሞተ ሰው የለም» አሉ እትዬ ጽጌ። «ክርስትና አንስተን ነው። በአፌ አልዋሸሁህም፣ በነጠላዬ ግን ዋሽቼሃለሁ። የምታደርገውን አድርግ።»

ታደሰ ሕፃኗን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ ባዶ አንገቱን በእጁ ዳበሰ። «የሩቅ ዘመድ መርዶ ነው እላቸዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ዳቦው ግን ይቆረስ እንጂ።» ቁራሹን በሁለት እጁ ተቀብሎ ባርኔጣው ውስጥ ደበቀና ወደ ዘመቻው ተመለሰ። ስማችን በስብሰባ አልተነሣም።

እትዬ ጽጌ ያረፉት ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ነው። በቀብራቸው ዕለት ያዘቀዘቅኩት የራሳቸውን ነጠላ ነበር፤ ለኔ ይሰጥ ብለው ተናዝዘው ነበርና። ያ ነጠላ ነው ዓርብ ዕለት ልጄ ላይ ያየሁት። ዛሬ በምንኖርበት በቦሌው ሩዋንዳ ሰፈር እሑድ ጠዋት መንገድ ላይ ገመድ የሚዘረጋ የለም፤ ወደ ፈለግንበት እንሄዳለን፣ ተመስገን። ግን ጠመንጃ የያዘው ሰው እንኳ ከሩቅ አንብቦ ባርኔጣውን የሚያወልቅለት፣ አባትን ከነአካፋው ሜዳ የሚያስሮጥ ልብስ ነበረን።

ልጄን መስተዋት ፊት አቆምኳትና የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ አድርጌ መስቀለኛ አጣፋሁላት። እጄ አልረሳም፤ ሲንሻፈፍ እንደ እትዬ ጽጌ ፈትቼ እንደገና ጀመርኩት። ያለ ምክንያት እንባዬ ሲመጣ እንዳታይብኝ ጥለቱን እያቃናሁ፣ «ቀኑን ሙሉ አዘቅዝቀሽው ስትውዪ፣ በታክሲው፣ በመንገዱ፣ በቢሮው፣ ሰው ምንም አላለሽም?» አልኳት።

«ብለውኛል እንጂ» አለች፣ ራሷን በመስተዋቱ እያየች። «ያምርብሻል አሉኝ።»