በባሌ ስም የፈረምኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለፓስተራችንም፣ ለልጆቼም። ባሌን ታደሰን ወንድሞቹ የቀጠቀጡት በእኔ በደል ነው።

ቤታችን ከጪጩ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቡናው ውስጥ ነው። የባሌ ቤተሰብ አልድን ያለ ቁስል የሚያደርቅ ሥር ነበረው። ሥሩን የሚያውቀው የበኩር ልጁ ታደሰ ብቻ ነው፤ ታናናሾቹ ምስጢሩን ይጠብቃሉ እንጂ አያውቁትም። ለሚስትማ ጭራሽ አይነገርም፤ ሚስት የሌላ ጎሳ ልጅ ናት። ሃያ ዓመት ለመታከም የሚመጡትን ሕሙማን መግል ሳጥብ ኖሬ፣ እኔ አስተማሪዋ፣ በገዛ ቤቴ ባዕድ ነበርኩ።

ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጡ። ከውጭ አገር ላቦራቶሪ ጋር ሆነው ከሥሩ አዲስ መድኃኒት ለማውጣት ይሠሩ ነበር። ታደሰ «የአባቴ አደራ ነው» ብሎ ሸኛቸው። እኔ ግን ተደብቄ ተከትዬው፣ ሲቆፍር አይቼ ነበር። ቆፍሬ ወሰድኩላቸው። ለሕሙማን አዝኜ? ስንት ዘመን ራሴን እንዲህ አታለልኩ! ከተመራማሪዎቹ አንዷ «እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?» እንድትለኝ ነው። የፈቃድ ቅጹ የባለ ዕውቀቱን ፊርማ ይጠይቃል። «እሱ ፈቅዷል» አልኩ። ቤት ወስጄ በስሙ ፈረምኩ።

ከወራት በኋላ ተመራማሪዎቹ ግቢያችን መጥተው፣ ወንድሞቹ በተቀመጡበት፣ «አቶ ታደሰ፣ ሥሩን ስለሰጡንና ቅጹን ስለፈረሙልን እናመሰግናለን፤ ምርመራው ተስፋ አለው» አሉ። ታደሰ ወደ እኔ ዞረ። አቀረቀርኩ። መኪናው ከመራቁ ታናሽ ወንድሙ ጂግሶ ተነሣ።

«የአባታችንን አደራ በላህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ ታደሰ።

በመቆፈሪያ እጀታ መቱት። የመጀመሪያው ምት ጥርሱን አራገፈው። ሁለተኛው ጉልበቱን ሰበረው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ወድቆም ረገጡት። ደሙ በእንሰቱ ቅጠል ላይ ተረጨ። እኔ መቃኑን ይዤ ቆሜ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ይበቃ ነበር። አላልኩም። ዱላውን ፈርቼ? አዎ፣ ዱላውንም። ይበልጥ የፈራሁት ግን ተማሪዎቼ ፊት ሌባ መባልን ነው።

ከዚያ በኋላ እግሩን እየጎተተ ኖረ። ጉልበቱ ሁልጊዜ ያመረቅዝ ነበር፤ ሥሩን ለራሱ አንድ ቀን እንኳ አልቆፈረም። ወንድሞቹ ደጃችንን አልረገጡም። አንድ ቀን ቁስሉን ሳጥብለት «ከእኔ ይልቅ አንቺ ፊርማዬን ታሳምሪዋለሽ አሉ» ብሎ ሳቀ። ማጠቤን ቀጠልኩ። ያኔም «እኔ ነኝ» አላልኩም! ያኔም!

በዚያው ቁስል ሞተ። ጂግሶ ለቀብሩ መጥቶ ከመቃብር ቦታው አጥር ውጭ ቆመ፤ አፈር አልጣለም።

ነገ ይህን ወረቀት ይዤ ጂግሶ ቤት እሄዳለሁ። ማንበብ ስለማይችል እኔው አነብለታለሁ። እጁን ቢያነሣብኝ አልሸሽም። ይቅር በለኝም አልለውም፤ ይቅር የሚለኝ ከአፈር በታች ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ወንድምህ አደራ አልበላም። አንተና እኔ የገደልነው ንጹሕ ሰው ነው።